ሪቾን ማበጠር

አስመራ፣ ማይ ጭሆት
የካቲት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጓለይ፣ ልጄ ትብለጽ፣

ይህን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን። እናትሽ ለተሰንበት ጥር 14 ቀን ዐርፋለች። ዛሬ ሃያ ቀን ሆናት። አጎቶችሽና ቄሱ ተሰብስበው፣ «ልጅቷ ሰኔ ላይ የነርስነት ፈተናዋን እስክትጨርስ አይነገራት። ከዚያ አዲስ አበባ አክስቷ ትርሓስ ቤት ሽማግሌ ተቀምጦ ያረዳታል። መርዶ በወረቀት አይላክም» ብለው ወሰኑ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት አፌ ሌላ ነገር መናገር ስላቃተው ነው። አሁን ግን ደብዳቤሽ መጣ። «ኣደይ ለምን ከደብዳቤው ስር ቃሏን አላስጻፈችም?» ትያለሽ። እኔ ለዚህ የምመልሰው

[እዚህ ላይ ቆሟል። አልተላከም።]


አስመራ፣ ማይ ጭሆት
የካቲት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለትብለጽ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። በአማርኛ ስለጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ በትግርኛ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነበው ሰው እስኪገኝ ይከርማል፣ የአማርኛው ቶሎ ያልፋል ይላሉ የሥራ ጓደኞቼ። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም። ግን ያንቺም የደረሱኝ የአማርኛዎቹ ብቻ ናቸው።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ።

1. ብርዱ፦ አለ።

2. የባቡር ሥራ፦ እኔ እዚያው ዕቃ ቤት ነኝ። ወደ ምጽዋ የሚወርደው ባቡር አንዳንድ ቀን ይቀራል። ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

3. እናትሽ ለምን አላስጻፈችም ላልሽው፦ አልተመቸም። ሰላምታሽን አድርሻለሁ።

4. ሪቾ፦ ዋናው ችግር እሱ ነው።

የእናትሽ አሠሪ ሲኞራዋ አገሯ ጣሊያን ስትገባ፣ «ይህን ውሻ የምትችለው ለተሰንበት ብቻ ናት» ብላ ስትተውልን እኔ ስቄ ነበር። አሁን የሳቄን አገኘሁ። የዚህ ዘር ጠጉር እንደ በግ ነው፣ ካልቆረጡት ማደጉን አይተውም። ከገና ወዲህ ማበጠሪያ አልነካውም። አሁን እኔ ነኝ የያዝኩት፣ እናትሽ አልቻለችም። ማበጠሪያውን ሳነሳ አልጋ ስር ይገባል። መቀሱን ሲያይ ባለበት ሽንቱን ይለቃል። ትናንት ጎትቼ ሳወጣው አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ለስድስት ዓመት ነክሶኝ አያውቅም።

የእንስሳት ሐኪሙን፣ ንዋይን፣ ጠራሁት። መጀመሪያ አይቶት ሳቀ።

«ኣቶ ኣስገዶም፣ እኔ የላም ሐኪም ነኝ። ይሄ ላም ነው?»

«አይደለም።»

«በግ ነው?»

«ውሻ ነው፣ ዶክተር። ይልቅ ብብቱን እይልኝ።»

ብብቱን ሲያይ ሳቁን ተወ። ጠጉሩ እየተጠቀለለ እንደ ጆንያ ደርቋል፣ ከስሩ ቆዳው እየቆሰለ ነው። «ይህ ሁሉ ተቆርጦ መውረድ አለበት። ዝንብ ካረፈበት ትል ነው የሚሆነው። እስከ ፋሲካ ካላወረድከው ጥራኝና በመርፌ እገላግለዋለሁ» አለኝ። ሌላ ሰው ይያዝልህ፣ አፉን አስረን እንቁረጠው ብሎም ሞክረን ነበር። አንገቱን ወጥሮ ራሱን ሊያንቅ ሲል ለቀቅነው።

ልጄ፣ ይህ ውሻ እንዲሞት አልፈልግም። ባንቺ ሞት አልችለውም። አንቺ የሕጻናት ክፍል ትሠሪያለሽ። ሕጻን ሲፈራ ምን ታደርጋላችሁ? ውሻና ሕጻን አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፊልኝ።

አባትሽ ኣስገዶም


አዲስ አበባ
የካቲት 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባቴ፣

በአማርኛ ሲሆን «አንተ» ማለት እጄ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ እርስዎ እያልኩ ነው የምጽፈው። አይሳቁብኝ።

ኣደይ እጇን እንደገና አሟት ነው አይደል? ገብቶኛል፣ እርስዎ እንዳልጨነቅ ብለው ነው የደበቁኝ። ባለፈው ክረምትም ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋት ነበር። ለብ ባለ የጨው ውሃ ትዘፍዝፋቸው። በሉ እንግዲህ ንገሯት፣ ከባድ ባልዲ አታንሺ ብላለች ልጅሽ በሉልኝ። እኔም አንድ የነርስ ልብስ አስፍቼ እንደ ሲስተር መራመድ ጀምሬአለሁ፣ ብታይ ትስቃለሽ በሉልኝ። ለፋሲካ ልምጣ ወይ?

የሪቾ ነገር እንዲህ ነው። አለቃችን ሲስተር ሣህሊቱ መርፌ ከሕጻን እንድንደብቅ አትፈቅድም። የደበቅንበት ሕጻን ሁለተኛ ነጭ ልብስ ባየ ቁጥር ይጮኻል። መርፌ የሌለበትን ስሪንጋ እናስይዘዋለን፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ይጫወታል። ከዚያ ነው የምንጀምረው። ስለዚህ ማበጠሪያውን አይደብቁበት። ከምግቡ ሳህን አጠገብ ያስቀምጡት፣ አይንኩት፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ሲለምደው በማበጠሪያው ጀርባ አንዴ ብቻ ይንኩትና ጥሩ ነገር ያጉርሱት። ያቁሙ። ትልቁ ነገር ይሄ ነው ኣቦይ፣ ከመፍራቱ በፊት ያቁሙ፣ ከፈራ በኋላ አይደለም። አይያዙት። መሄድ ከፈለገ ይሂድ። የተጠቀለለውን ጠጉር በጣትዎ ትንሽ ዘይት እያስነኩ ይፍቱት። በምንም ዓይነት መጀመሪያ እንዳያጥቡት፣ የተጠቀለለ ጠጉር ሲርስ ይባስ ይጠብቃል።

ደግሞ ያዋሩት። ኣደይ ስታበጥረው አፏ አይዘጋም፣ የገበያውን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ትነግረዋለች። እርስዎ ዝም ብለው ሲመጡበት ይፈራል። እኔም ልጅ ሆኜ እፈራ ነበር።

ልጅዎ ትብለጽ


አስመራ፣ ማይ ጭሆት
መጋቢት 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ስለ እጇ የጻፍሽውን አነበብኩ።

ምክርሽ ከመድረሱ በፊት አጥቤዋለሁ። በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ራሴ፣ በሁለት እጄ። ጠጉሩ ሲደርቅ እንደ ጫማ ሶል ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት። ዓኽርያ ሰፈር፣ ፀጉር አስተካካዩ ጠዓመ ጋ ልወስደው ብዬ በካፖርቴ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጠዓመን ታውቂዋለሽ፣ ምላሱን።

«ኣያ ኣስገዶም፣ የማን ሕጻን ነው?»

«ውሻ ነው፣ ጠዓመ።»

«ጠጉሩን ነው ጺሙን?»

ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ፣ «ከሁላችን ይልቅ ጠጉር ያለው እሱ ነው፣ ወረፋ ስጡት!» እያሉ ያፌዛሉ። ጠዓመ የጠጉር ማሽኑን አንዴ ቢያንቀሳቅሰው፣ ሪቾ ከእጄ ዘሎ መስታወቱ ስር ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ገለበጠው። ከዚያ ጥግ ገብቶ ግንቡን እያየ ተንቀጠቀጠ። የሚስቅ ሰው ጠፋ። ጠዓመ ወደሱ ጎንበስ ብሎ ቆየና አንድ ነገር ተናገረ። እሱን ተዪው። ጠርሙሶቹን ልተካለት ብል እምቢ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባንቺ መንገድ ጀመርኩ። በወረቀት ይዤዋለሁ፦

ማክሰኞ፦ ማበጠሪያ ከሳህን አጠገብ። አልበላም።
ረቡዕ፦ አልበላም።
ሐሙስ፦ ፊቴን ሳዞር በላ።
ዐርብ፦ እያየሁት በላ።
ቅዳሜ፦ በማበጠሪያው ጀርባ ትከሻውን አንዴ ነካሁት። ሥጋ አጎረስኩት። አቆምኩ። እኔን ራሴን ላብ አጠመቀኝ።
እሑድ፦ ሁለቴ ነካሁት።
ሰኞ፦ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ ስግብግብ ሆኜ። አልጋ ስር ገባ። ወደ ማክሰኞ ተመለስን።

ሥጋ ያልኩት ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ዳቦ አልቀበልም አለኝ። እንግዲህ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ስገባ ጎረቤታችን ርግበ አየችኝ። በሁለተኛው ቀን የንስሐ አባታችን በራቸው ላይ ጠብቀው፣ «ኣስገዶም፣ ሐዘ...» አሉና ቃላቸውን ለወጡ፣ «ኣስገዶም፣ ጾም ከበደህ ወይ?» አሉኝ። ለውሻ ነው ብላቸው አላመኑኝም። ቤት ድረስ ወስጄ ሪቾን አሳየኋቸው። ማበጠሪያውን በእጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «ለእሱ ከሆነ ግዛለት» ብለው ሄዱ።

የማወራው ግን የለኝም። ታውቂኛለሽ። የመለዋወጫ ዕቃ ስም ቆጠርኩለት፣ ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ጎሚኒውን። ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

ፋሲካን ልምጣ ላልሽው፦ አይሆንም። መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ በየኬላው ሰው ያወርዳሉ። ፈተናሽን አጥኚ። ይህን ነገር አደራ፣ አትምጪ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 23 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፣

አልመጣም፣ እሺ። አክስቴ ትርሓስም እንደርስዎ «አትሂጂ» አለችኝ። እሷ እኮ ሌላ ጊዜ፣ «ወላጅሽን ረሳሽ» እያለች የምትቆጣኝ ሰው ናት።

አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ኣደይ እጇ ቢያማት አጠገቡ መቀመጥ ያቅታታል? እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እርስዎ ቢያበጥሩት ሪቾ መች ይፈራል? ተጣላችሁ እንዴ? ከተጣላችሁ ጥፋቱ የርስዎ ነው፣ ሳልሰማ ፈርጃለሁ። ይቅርታ ይጠይቋት።

መቀመጥ ካልቻለች ደግሞ የወጥ ቤት ሽርጧን ትስጥዎት። ሰማያዊዋን ሳይሆን የዘወትሯን፣ ያልታጠበችዋን። ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ሪቾን እሷ ላይ ያስቀምጡት። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ የእናቱን መቀነት ካልያዘ ቁስሉን አያስነካንም ነበር፣ ከዚያ ነው የመጣልኝ።

ለኣደይ ነጠላ ገዝቼ በሰው ልኬአለሁ። ለፋሲካ ትልበሰው። ጥለቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፣ ካልወደደችው ውሸቷን ወደድኩት ትበል በሉልኝ።

ልጅዎ


አስመራ፣ ማይ ጭሆት
ሚያዝያ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጓለይ፣

ሪቾ ተቆረጠ! ሙሉውን! እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺም ተባረኪ፣ የቐንየለይ። ከፋሲካ አንድ ሳምንት አለፈን፣ ግን ንዋይ ራሱ መጥቶ አይቶ፣ «ቆዳው ይድናል። አንተ ሰውዬ ላሞቼንም ና አበጥርልኝ» አለኝ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገርሽ፣ ለሌላ ሰው ሊጠቅም ይችላል።

1. መቀሱን ባዶ አየር ላይ ቀጭ አደርጋለሁ፣ ሥጋ። ቀጭ፣ ሥጋ። አምስት ቀን። በስድስተኛው ቀን ቀጭ ስል እሱ ራሱ ከአልጋ ስር መጣ። ልቅሶ ሊመጣብኝ ነበር።

2. በቀን አንድ ቦታ ብቻ። አንድ ቀን አንድ እግር። ብብቱን ለመጨረሻ።

3. አንገቱን ሲያስረዝም ወይም ከንፈሩን ሲልስ አቆማለሁ። ያ ማለት ሊፈራ ነው ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እያየሁ አወቅኩት።

4. በማሽን አይደለም። በትንሿ መቀስ። ዓኽርያ ያለው መቀስ የሚስለው ሰው ሳላት፣ ጫፏን ደግሞ እንዳትወጋው አደነዘዛት።

5. ሽርጧ፦ ልጄ፣ ሁሉን የሠራችው ሽርጧ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሳነጥፋት ሪቾ ራሱ ዘሎ ወጣ። አፍንጫውን ኪሷ ውስጥ ከቶ ተኛ። እኔ ግን እጠነቀቅባታለሁ። በቀን ከአምስት ደቂቃ በላይ አላነጥፋትም። ወዲያው አጥፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሣጥን ውስጥ እቆልፋታለሁ። ሽታው እየሳሳ መጥቷል። ሌላው ልብሷ ሁሉ ታጥቧል፣ ርግበና ሴቶቹ አላወቁም፣ አንድ ሳያስቀሩ አጠቡት። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

6. ነጠላው ደርሷል። ጥለቱ ያምራል። ሣጥኑ ላይ ነው።

የተቆረጠው ጠጉር አንድ ጆንያ ሞላ። ሪቾ አሁን ግማሽ ውሻ ነው የሚመስለው፣ ቀጭን። ጸሐይ ላይ ተጋድሟል። ለፈተናሽ በርቺ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም.

አባቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ስለ ላሞቹ። ሁለተኛ ጊዜ አምስተኛው ቁጥር ላይ ቆምኩ። በየቀኑ የምትለብሰው ሰው ካለች ሽርጥ ሣጥን ውስጥ አይቆለፍም። ሽታውም አያልቅም።

ትናንት አክስቴ ጋ ሄጄ ምንም አልጠየቅኳት። «ኣደይ ደህና ናት?» ብቻ አልኩ። «ደህና ናት» አለች፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። በቃኝ። ወጥቼ በእግሬ እስከ ማደሪያዬ ሄድኩ።

እርስዎ በቁጥር ይወዳሉ። በቁጥር ይመልሱልኝ።

1. መቼ?
2. በምን?
3. ማን አጠባት? ጠጉሯን ማን ሠራት?
4. በየደብዳቤው «ለኣደይ እንዲህ በሉልኝ» ስል ለማን ነበር የሚነግሩልኝ? እጇን በጨው ውሃ ብዬ ስጽፍ ምን ብለው አነበቡት?
5. ለምን? መርፌውን አትደብቁ ብዬ በራሴ እጅ ጽፌልዎት ነበር። ለውሻው የተደረገው ለእኔ ለምን አልተደረገም?

ሽማግሌ አልፈልግም። አክስቴ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቀኝ አልገባም። ከእርስዎ አፍ ካልሆነ ከማንም አልሰማም። ፈተናውን ልፈተን ልተወው አልወሰንኩም። እሱን እርስዎ አይወስኑልኝ።

ትብለጽ


አስመራ፣ ማይ ጭሆት
ግንቦት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጓለይ፣

1. ጥር 14 ቀን፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት።

2. ጥር 12 ቀን ጠዋት ራሴን አለች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቀኝ እጇ ሻሂውን መያዝ አቃተው። ሆስፒታል ወሰድናት። ሁለት ቀን ቆየች፣ አልተናገረችም። ሐኪሙ ደም ራሷ ውስጥ ፈስሷል አለ። ልጄ ነርስ ናት፣ እዚህ ብትኖር ይለወጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይለወጥም አለኝ። ሁለተኛም ጠየቅኩት፣ አንድ ቀን አንቺ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ። አይለወጥም አለኝ።

3. ርግበ ናት ያጠበቻት፣ ከሁለት ሴቶች ጋር። ጠጉሯንም እሷ ሠራቻት፣ በቀጭኑ፣ እንደ ሠርጓ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ውሃው የሞቀ እንዲሆን ነግሬአቸዋለሁ። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም።

4. ለሪቾ ነው የነገርኩት። የማወራው አጥቼ ስለነበር ሳበጥረው ያንቺን ደብዳቤ አነብለት ጀመር። ሁሉን አይደለም፣ «በሉልኝ» የምትዪበትን ብቻ። የጨው ውሃውን። የነርስ ልብስሽን። መንቀጥቀጡን የሚተወው ያኔ ነበር። ምናልባት ድምፄ ይለወጥ ይሆናል። ያላነበብኩት ቃል የለም። እጇን አሟት ነው ወይ ስትዪኝ ዝም ያልኩት ግን ውሸት ነው። አፌ ሳይናገር ዋሽቻለሁ፣ በዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፣ ገና ነው።

5. ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ልጽፍልሽ ሦስት ሞከርኩ፣ ፈተናሽ፣ መንገዱ፣ ልማዱ። ሦስቱንም ሰረዝኩ። አጎቶችሽ ልማዱን ነው የጠበቁት፣ አትጥሊያቸው። እኔ ግን ልማዱ ተመቸኝ። አንቺ ካላወቅሽ የሆነ ቦታ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ እናትሽ ገና በሕይወት ነበረች። ያንን ቦታ መዝጋት አቃተኝ።

ስለ ፈተናው አልወስንልሽም።

አሁን ስሚኝ። እዚሁ ቅርብ ካለችው ከደቀምሐረ አልፌ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። የይለፍ ወረቀቱን ለማግኘት አራት ቀን ተሰልፌአለሁ፣ ትናንት ማኅተም ተመታልኝ። አጎትሽ፣ «ሽማግሌዎቹ ሳይኖሩ? ብቻህን? ምን ብለህ ልትነግራት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሪቾ ጠዓመ ጋ ይቆያል፣ ስሰለፍም እሱ ጋ ነበር የምተወው። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ስር ነው የሚተኛው፣ ማሽኑ እየጮኸ።

አውቶቡሱ ሐሙስ ግንቦት 19 ቀን ጠዋት ይነሳል። በደሴ በኩል ሦስት ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ ሳይመሽ እደርሳለሁ ይላሉ፣ ኬላው ካላዘገየን። ፌርማታው ድረስ መምጣት ካልፈለግሽ አትምጪ፣ እየጠየቅኩ ማደሪያሽ በር ላይ እመጣና እቆማለሁ። ከመጣሽም እንዴት እንደምጀምር አልጻፍኩም፣ ወረቀት ይዤ አልመጣም። ልታለቅሺ ትችያለሽ፣ ልትቆጪኝ ትችያለሽ፣ ፊትሽን ልታዞሪብኝም ትችያለሽ። የቱ እንደሚቀድም ተራ አላወጣሁም። ያንቺ ነው።

አባትሽ ኣስገዶም